«የፋቲግ ዕድሜው አልቋል» የተባለ የብረት ድልድይ፦ ይዘጋ ወይስ ይተው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከ68 ዓመት በፊት የተሠራ፣ በሪቬት (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጫፉ በተቀጠቀጠ የብረት ካስማ) የተገጣጠመ የብረት ድልድይ አለ። በቀን 500 ያህል ከባድ መኪና ያልፍበታል። ጥናት ያደረገው አማካሪ፣ ወለሉን በሚሸከሙት ቢሞች (አግዳሚ ብረቶች) ላይ አንድ ከባድ መኪና ሲያልፍ 60 ሜጋፓስካል የስትረስ መዋዠቅ (ስትረስ ጭነቱ በብረቱ ውስጥ በስፋቱ ልክ የሚፈጥረው ኃይል ነው) እንደሚፈጠር ከንድፉ አስልቶ፣ «ቀሪ የፋቲግ ዕድሜ ከዜሮ በታች 50 ዓመት» ብሎ ጽፏል፤ ፋቲግ ጭነት ሲመላለስ የሚመጣ የብረት መዛል ነው። ጠያቂው የጥገና መሐንዲስ ናቸው። «ስንጥቅ አላየንም። ከ50 ዓመት በፊት መሰበር የነበረበት ድልድይ እስካሁን እንዴት ቆመ? ሪፖርቱን አምነን እንዝጋው ወይስ ዓይናችንን አምነን እንተወው?» ይላሉ።

ሁለቱንም ለጊዜው አያድርጉ። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ግን ድልድዩ መቼ እንደሚሰበር የሚናገር ቁጥር አይደለም። ዓይንዎም ብቻውን የሚታመን ምስክር አይደለም፤ በሪቬት ራስ ሥር የተደበቀ ስንጥቅ ላይ ቆመው ላያዩት ይችላሉ። የድልድዩን ዕድሜ ትተው ይህን ይጠይቁ፦ የትኛው መገጣጠሚያ ላይ፣ ምን ያህል የስትረስ መዋዠቅ፣ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? እዚያ ቦታ ስንጥቅ ቢጀምርስ፣ አደገኛ መጠን ላይ ከመድረሱ በፊት እናገኘዋለን ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ አብዛኛው ሪፖርት ግን አይነካውም።

ፋቲግ ማለት አንድ ጊዜ ቢጫን ብረቱ በቀላሉ የሚችለው ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስ የሚያመጣው ስንጥቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፉ በመስበር ይመሰላል። እኔ ይህን ምሳሌ አልወደውም፤ ሽቦው ሲታጠፍ ቅርጹ ሲለወጥ ይታያል፣ ይሞቃል፣ ከጥቂት እጥፋት በኋላም ይበጠሳል። ድልድይ ግን እንዲህ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። መኪናው ሲያልፍ ብረቱ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጉዳቱ የሚጠራቀመው ስትረስ በሚታመቅበት በጣም ጠባብ ስፍራ ነው፦ የሪቬት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ፣ የብየዳ ጫፍ ላይ፣ ዝገት የቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ። ከዚያ ቦታ አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ብሎ ያለው ብረት ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ብረቱ አርጅቷል» የሚለው አነጋገር ያሳስታል። የሚዝለው ነጥብ ነው፤ ድልድዩ በሙሉ አይደለም።

የጀርመኑ የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክስሎች (መንኮራኩሮቹ የሚያያዙባቸው ዘንጎች) ለምን እንደሚሰበሩ ለዓመታት ሲሞክር ቆይቶ፣ ውጤቱን እስከ 1870 እ.ኤ.አ. ድረስ አሳትሟል። የደረሰበት ነገር ዛሬም የሥራችን መሠረት ነው፦ ብረትን የሚያዝለው በዋናነት የስትረሱ ከፍታ ሳይሆን በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም መዋዠቁ ነው። ከአንድ ክፍለ ዘመን በኋላ ጆን ፊሸርና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ በትልልቅ የተበየዱ ቢሞች ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህንኑ ለድልድይ አረጋገጠ። ወሳኞቹ የስትረስ መዋዠቁና የመገጣጠሚያው ዓይነት ናቸው፤ የብረቱ ጥንካሬ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። በብየዳ ጫፍ ላይ ጠንካራ ብረት ከተራው ብረት የተሻለ የፋቲግ ዕድሜ የለውም።

በስኮትላንድ በ1890 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፎርዝ የባቡር ድልድይ ዛሬም ባቡር ያሳልፋል። በዋና ዋና ክፍሎቹ ላይ ካለው ስትረስ ብዙው የራሱ የድልድዩ ክብደት የፈጠረው ነው፤ ያ ደግሞ አይዋዥቅም። በሴኡል የነበረው የሶንግሱ ድልድይ ግን በ1979 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በጥቅምት 21 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. አንድ ክፍሉ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ 32 ሰዎች ሞቱ። ገና የ15 ዓመት ድልድይ ነበር። የተንጠለጠለውን ክፍል በያዙት የብረት አባላት (የድልድዩ አጽም ክፍሎች) ላይ ብየዳው በሚገባ አልዘለቀም ነበር፤ በላዩም ከታሰበው በላይ የከበዱ መኪኖች ይመላለሱበት ነበር።

አሁን ወደ ሪፖርትዎ እንመለስ። አማካሪው የተጠቀመው የዩሮኮድ 3 (የአውሮፓ የብረት ግንባታ ንድፍ ደንብ) ደረጃ 71 ይመስለኛል፤ ለሪቬት መገጣጠሚያ በብዛት የሚወሰደው እሱ ነው። ትርጉሙ የስትረስ መዋዠቁ 71 ሜጋፓስካል ቢሆን መገጣጠሚያው 2 ሚሊዮን ዙር (አንድ ዙር የስትረሱ አንድ መውጣትና መውረድ ነው) ይችላል ማለት ነው። ለሌላ መዋዠቅ ደግሞ 71ን በዚያ መዋዠቅ አካፍለው፣ ውጤቱን ኩብ አድርገው፣ በ2 ሚሊዮን ያባዛሉ። በ60 ሜጋፓስካል 3.3 ሚሊዮን ዙር ይመጣል። በቀን 500 መኪና በዓመት 182,500 ዙር ስለሆነ፣ ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ ነው። ከ18 ላይ 68 ሲቀነስ ያ «ከዜሮ በታች 50» ይገኛል። ስሌቱ ላይ ስሕተት የለም።

ችግሩ 60 ከሚለው ቁጥር ላይ ነው። ከንድፍ የሚሰላ ስትረስ ብዙውን ጊዜ ድልድዩ ላይ ከሚለካው ይበልጣል። በስሌት ውስጥ የኮንክሪት ወለሉ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ክብደት ይቆጠራል፤ በተግባር ግን ከቢሙ ጋር ተያይዞ አብሮ ይሸከማል። የቢሙ ጫፎች በነፃ ይዞራሉ ተብሎ ይታሰባል፤ በተግባር የሪቬት ግንኙነቱ በከፊል ይይዛቸዋል። የአንድ መኪና ጭነት በአንድ ቢም ላይ ያረፈ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እውነታው ግን ጎረቤቶቹ ይካፈሉታል። እነዚህ ሲደመሩ የሚለካው ስትረስ ከሚሰላው ግማሽ ቢሆን አይገርመኝም።

እንደ ምሳሌ፣ በቢሞቹ ላይ ስትሬን ጌጅ (የብረቱን ጥቃቅን መለጠጥ የሚለካ መሣሪያ) ተለጥፎ 32 ሜጋፓስካል ተገኘ እንበል። በዚያው ቀመር 21.8 ሚሊዮን ዙር ይመጣል፤ በቀን 500 መኪና 120 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ 52 ዓመት ቀረው። ያው ድልድይ፣ ያው መኪና፣ ያው ቀመር። ስትረሱ በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው በስምንት እጥፍ ስለሚያድግ፣ የግምት ስሕተት ውጤቱን እንዲህ ያራርቀዋል። ለዚህ ነው ስትሬን ጌጅ ሳይለጠፍበት «ዕድሜው አልቋል» የተባለ ድልድይ እንዲፈርስ ሲወሰን የምቃወመው። ድልድይ ማፍረስና መተካት ከሚያስወጣው ጋር ሲነጻጸር የጥቂት ሳምንት ልኬት ወጪ ምንም አይደለም።

ግን ኩቡ ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይሠራል። መኪኖቹ ከዛሬ ጀምሮ በአማካይ 25 በመቶ ቢከብዱ፣ 1.25 ኩብ ወደ 2 ስለሚጠጋ፣ 52 ዓመቱ ወደ 27 ይወርዳል። 25 በመቶ ተጨማሪ ክብደት የመኪናውን ቁጥር በእጥፍ ከማሳደግ እኩል ይጎዳል። ከመጠን በላይ የጫነ መኪና የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ ልክ ብቻ አያድግም፤ በኩብ ነው የሚከፈለው። የክብደት ቁጥጥር የሚያደርግ ሰው ይህን ስሌት ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ልኬቱን በተመለከተ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ። አንድ የታወቀ ክብደት ያለው መኪና ደጋግሞ አሳልፎ መለካት ሞዴሉን ለማስተካከል ይረዳል፤ ለዕድሜ ስሌት ግን በቂ አይደለም። እውነተኛውን ትራፊክ፣ ቀንና ሌሊት፣ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን፣ ለሳምንታት ይመዝግቡ። ዙሮቹን ሬይንፍሎው በሚባለው፣ የተዘበራረቀውን የስትረስ መዝገብ ወደ ነጠላ ዙሮች በሚከፋፍለው ዘዴ ይቁጠሯቸው፤ የተለያየ መጠን ያላቸውን ዙሮች በአንድ ላይ ለመደመር የፓልምግሬንና የማይነር ደንብ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ዙር እንደ መጠኑ ከዕድሜው ድርሻውን ይቆርሳል። አጫጭር የወለል ቢሞች ላይ አንድ መኪና አንድ ዙር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ የአክስል ቡድን የራሱን ዙር ይፈጥራል። በዚህም ምክንያት የወለል ቢሞች ከዋናው ትረስ (በሦስት ማዕዘን ከተያያዙ ዘንጎች ከተሠራው ተሸካሚ) በፊት ይዝላሉ። ትልልቆቹን ዙሮች ደግሞ ለብቻ ይመልከቷቸው። ለደረጃ 71 ገደብ ተብሎ የሚወሰደው 52 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ ሁሉም ዙሮች ከዚያ በታች ከቆዩ ስንጥቅ የመጀመር ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ጥቂቶቹ ካለፉት ግን ስንጥቁን ያስጀምሩታል፤ አንዴ ከጀመረ ትንንሾቹም ያሳድጉታል። በላይኛው ምሳሌ ላይ ገደቡን ትቼ ኩቡን እስከ ታች የሳብኩት ለዚህ ነው፤ ዝገት ያለበት ድልድይ ላይ በገደብ መተማመን አይመቸኝም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፦ ልኬቱ ዝቅ ያለው ወለሉ ስለሚያግዝ ከሆነ፣ ወለሉ ተሰንጥቆ ከቢሙ ሲላቀቅ ወይም በሌላ ዓይነት ሲተካ ያ እገዛ አብሮ ይሄዳል። የድልድዩ ጫፍ ምሰሶው ላይ የሚያርፍበት ማረፊያ በዝገት ተይዞ ስለቆመ ከሆነ ደግሞ፣ በአንድ ቦታ የቀነሰው ስትረስ በሌላ ቦታ ጨምሯል ማለት ነው። ስለዚህ «ለምን ዝቅ አለ?» የሚለው ካልተመለሰ 52 ዓመት የሚለውን ቁጥር ለማንም አይስጡ።

«ከ50 ዓመት በፊት መሰበር የነበረበት ድልድይ እንዴት ቆመ?» ላሉት አንዱ መልስ ይኸው ነው። ሁለተኛው መልስ ቀመሩ ራሱ ጥንቁቅ መሆኑ ነው። በላብራቶሪ የተሞከሩ ናሙናዎች ዕድሜ በጣም ይለያያል፤ አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊቆይ ይችላል። የንድፍ መስመሩ የሚሰመረው በመሃላቸው አይደለም፤ አብዛኛዎቹ ከላይ እንዲቀሩ ተደርጎ በታችኛው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ዕድሜው አለቀ ሲባል፣ «እስካሁን ችላ የምንለው የስንጥቅ ዕድል ከእንግዲህ ችላ የሚባል አይደለም» ማለት ነው። ይህ መረጃ የሚጠይቀው ፍተሻ ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ስንጥቅ ከጀመረ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። የስንጥቅ ዕድገት ፓሪስና ኤርዶጋን በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሕግ ይገለጻል፤ ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር በእያንዳንዱ ዙር የሚጨምረውም ይረዝማል። ከዕድሜው አብዛኛው የሚያልፈው ስንጥቁ ጥቂት ሚሊሜትር ሳለ ነው፤ በዓይን ጎልቶ የሚታይበት ጊዜ የመጨረሻውና አጭሩ ነው። «ባለፈው ፍተሻ ምንም አልነበረም» የሚለው ቃል የሚያጽናናውም በዚያው ልክ ብቻ ነው። እንደ መመሪያ የምወስደው፣ በሁለት ፍተሻ መካከል ያለው ጊዜ ስንጥቁ በመሣሪያ ሊገኝ ከሚችልበት መጠን እስከ አደገኛው መጠን ለማደግ ከሚፈጅበት ጊዜ ከግማሽ እንዳይበልጥ ነው። አራት ዓመት የሚፈጅ ከሆነ፣ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ።

አደገኛው መጠን ደግሞ በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ድልድይ ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. መኪና ሞልቶበት ሳለ ወደቀ፤ 46 ሰዎች ሞቱ። በ1928 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን የተንጠለጠለው ከረጃጅም የብረት ዘንጎች በተሠራ ሰንሰለት ነበር። በአንዱ ዘንግ ዓይን ውስጥ የነበረው ስንጥቅ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ብቻ ነበረው፤ ያ ብረት ከዚያ በላይ ስንጥቅ የሚችል አልነበረም። ሰንሰለቱን ሳይፈቱ ሊያዩት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። በየመያያዣው ሁለት ዘንጎች ብቻ ስለነበሩ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ተከተለ። በአሜሪካ በ1971 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የድልድይ ፍተሻ ደንብ የወጣው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው።

የእርስዎ ድልድይ ከዚህ የተለየ መሆኑ ደስ ይላል። በሪቬት የተገጣጠመ ቢም ከብዙ ላሜራና አንግል (የ«ኤል» ቅርጽ ያለው ብረት) የተሠራ ስለሆነ፣ አንዱ አንግል ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ወደ ጎረቤቱ ላሜራ አይዘልም፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ቀሪዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ጭነቱን ይሸከማሉ፤ ለመፈተሽም ፋታ ይሰጣሉ። በብየዳ የተሠራ ቢም ግን አንድ አካል ነው፤ ስንጥቅ ከፍላንጅ (ከቢሙ የላይ ወይም የታች ላሜራ) ወደ ዌብ (ወደ መሃለኛው ቋሚ ላሜራ) ሰተት ብሎ ይሄዳል። በአሜሪካ ኮነቲከት ዬሎ ሚል ፖንድ የተባለው ድልድይ በ1958 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ1970 እ.ኤ.አ. የታችኛው ፍላንጅ ማጠናከሪያ ላሜራ ጫፍ ላይ ትልቅ ስንጥቅ ተገኝቶበታል። በእኔ አመለካከት ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠሩ የተበየዱ ድልድዮች ከአያቶቻቸው ከሪቬት ድልድዮች ይልቅ የበለጠ ክትትል ይፈልጋሉ። እንደዚያም ሆኖ፣ ድልድይዎ ዋና ትረስ ካለው፣ የተሳቡት (ጭነቱ የሚለጥጣቸው) አባላት ከስንት ክፍል እንደተሠሩ አጣርተው ይወቁ። ከሁለት ዋና ትረሶች ብቻ የተሠራ ከሆነና አንዱ የተሳበ አባል ቢበጠስ ጭነቱን የሚረከብ ሌላ ከሌለ፣ ያ አባል በክንድ ርቀት፣ ብረቱን እየነኩ፣ ከሁሉም በፊት መፈተሽ አለበት።

ፍተሻው ምን ይመስላል? ከመንገዱ ዳር በባይኖኩላር ማየት ፍተሻ አይባልም። መወጣጫ አቁመው ወይም የሰው ማንሻ መኪና ተጠቅመው ፊትዎ ከብረቱ አጠገብ እስኪደርስ ይጠጉ። በሪቬቶቹ ረድፍ የመጀመሪያውን ሪቬት አስቀድመው ይመልከቱ፤ የወለል ቢሙ ከመስቀለኛው ቢም ጋር የሚገናኝበትን አንግል መታጠፊያም አይዝለሉት፤ እዚያ ቢሙ ጫፉ ለመዞር ሲታገል አንግሉን ይለጥጠዋል። ቀለሙ ላይ ቀጭን መስመር ካለና ከመስመሩ ሥር ቡናማ ቀይ የዝገት ውኃ ወርዶ የደረቀ ምልክት ካዩ ይቁሙ። መኪና ሲያልፍ የስንጥቁ ሁለት ፊቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ደቃቅ የዝገት ዱቄት ያወጣሉ፤ እርጥበት ሲያገኘው ያ መስመር ይሠራል። በመዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት ድፍን ድምፅ የሚያወጣ ወይም ጣት ላይ ሲርገበገብ የሚሰማ ሪቬት ላልቷል፤ በላላ ሪቬት ዙሪያ ስትረስ ይጨምራል። ቀለሙን እስከ ብሩህ ብረት ፍቀው ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ የሚያሳየውን ቀለም) ይርጩ ወይም በማግኔቲክ ዱቄት ይፈትሹ። የጠረጠሩት ሪቬት ራስ ሥር ከሆነ፣ ሪቬቱን አውጥቶ የቀዳዳውን ግድግዳ በኤዲ ከረንት (በብረቱ ውስጥ በሚቀሰቀስ ኤሌክትሪክ ስንጥቅ የሚፈልግ ዘዴ) መመርመር ከሁሉም ይሻላል፤ ለመመርመሪያ የወጣውን ሪቬት በተገቢው ኃይል የታሰረ ባለ ከፍተኛ ጥንካሬ ቡሎን ይተኩት። ቡሎኑ ላሜራዎቹን አጥብቆ ስለሚይዝ መገጣጠሚያው ከበፊቱ የተሻለ ይሆናል።

የተነሱትን ፎቶዎችም ደግመው ይዩአቸው። በሜምፊስ ሚሲሲፒ ወንዝን የሚሻገረው የሄርናንዶ ደ ሶቶ ድልድይ ግንቦት 11 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ዋና አባሉ ተሰንጥቆ ተገኝቶ ወዲያው ተዘጋ። ያ ስንጥቅ ከዚያ በፊት በተነሱ ምስሎች ላይ ይታይ ነበር፤ ያስተዋለው ግን አልነበረም።

ስንጥቅ ካገኙ እባክዎ በብየዳ አይድፈኑት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጉዳቱ የከፋ ስለሆነ ነው። የዚያ ዘመን ብረት ፎስፎረስና ድኝ ሊበዛበት ስለሚችል ብየዳን በደንብ አይቀበልም፤ ብየዳው ራሱም ከሪቬቱ የባሰ የፋቲግ መነሻ ይሆናል፤ ለየብቻ የነበሩትን ላሜራዎችም አጣብቆ ያንን ጥሩ ክፍተት ያጠፋዋል። የሚሻለው የስንጥቁን ጫፍ በፔኔትራንት በትክክል አግኝቶ፣ ጫፉን ሙሉ በሙሉ የሚያስወግድ ሰፊ ቀዳዳ በዚያ ላይ መብሳት፣ ጠርዙን ማለስለስ፣ ከዚያም በቡሎን የሚታሰር ላሜራ መደረብ ነው። ከተበሳው ቀዳዳ የወጣውን ቁራጭ አይጣሉት፤ ጫፉ በውስጡ መሆኑን ያረጋግጡበት። ከማያስፈልግ ቦታ ትንሽ ናሙና ቆርጠው የብረቱን ይዘትና የሻርፒ ጥንካሬ (ድንገተኛ ምት የመቋቋም አቅም) ማስመርመርም ተገቢ ነው፤ አሮጌ ብረት በብርድ ጊዜ ሊሰባበር ስለሚችል አደገኛው የስንጥቅ መጠን በዚያ ላይ ይወሰናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሬ ልለፍ። በሚኒያፖሊስ ነሐሴ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. የወደቀው የአይ-35 ደብልዩ ድልድይ ስለ ፋቲጉ አስቀድሞ ተጠንቶ ነበር። የጣለው ግን ከመጀመሪያው ቀጭን ሆነው የተነደፉት የመገጣጠሚያ ላሜራዎች ናቸው። ስለዚህ የፋቲግ ጥናቱ እየተካሄደ የመገጣጠሚያ ላሜራዎቹ፣ የዝገት መሳሳቱና የምሰሶዎቹ መሠረት ጉዳይ እንዳይረሳ።

በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ ሳምንት የማደርገው ድልድዩን ሳልዘጋ የክብደት ገደቡን ዝቅ ማድረግና የወለል ቢሞቹን ጫፍ በክንድ ርቀት ማስፈተሽ ነው። በዚያ ፍተሻ ዋና የተሳበ አባል ላይ ስንጥቅ ከተገኘ በዚያው ሰዓት ይዝጉት፤ ስሌት አይጠብቁ። ምንም ካልተገኘ ስትሬን ጌጆቹን ያስለጥፉ፤ አማካሪውንም 60 ሜጋፓስካልን ሲያሰላ ወለሉ አብሮ እንደሚሸከም ቆጥሮ እንደሆነ፣ በዝገት የሳሳውን ውፍረት ለክቶ እንደሆነ፣ የመኪኖቹን ክብደትስ ከሚዛን ጣቢያ መዝገብ ወስዶ እንደሆነ ወይም ከንድፍ ደንቡ መኪና እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁት።